የነቀምቴ ግቢና ማዕድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በጉደር፣ ቀጥሎም በባኮና በስሬ በኩል ወደ ምዕራብ የሚያመራው ጎዳና 330 ኪሎ ሜትር ያህል ከቆጠረ በኋላ የሚያገኛት የነቀምቴ ከተማ፣ በነጋዴው ዘንድ በቡናዋ፣ በታሪክ ጸሐፊው ዘንድ በባላባቶቿ፣ በወንጌል ሰባኪው ዘንድ በትምህርት ቤቶቿ ስሟ የታወቀ ሲሆን፣ አገር ለማየት ብሎ በሚጓዘው ሰው ዘንድ ግን ገና እንደሚገባት አልታወቀችም። ወደ ጎንደር ወይም ወደ ላሊበላ የሚሄደው እንግዳ መሪውም መጽሐፉም ሞልቶለታል፤ ወደ ወለጋ የሚሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ሊጠይቅ፣ ሊነግድ ወይም ሊማር እንጂ ዓይኑን ሊያጠግብ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ ጓደኛ ሳያስከትል ማታ ደርሶ በማግስቱ አንድ ሙሉ ቀን በነቀምቴ ለሚውል መንገደኛ የከተማዋን ግቢና የከተማዋን ማዕድ ማስተዋወቅ ነው።

ቀኑን ከኩምሳ ሞረዳ ግቢ መጀመር ይገባል። ሌቃ ነቀምቴ ይባል የነበረውን መንግሥት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቆመው በከሬ ጎዳና ሲሆን፣ ልጁ ሞረዳ በከሬ አባቱ ያወረሰውን አገር በሚያስተዳድርበት ዘመን የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የምዕራቡን ንግድና ግብር ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበር። የሁለቱ ጦር በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ተጋጥሞ ድሉ ለሸዋ ሆነ፤ ሞረዳም ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ አስተውሎ ከምኒልክ ወገን ሆኖ በሰላም ገበረ። ስለዚህም ጦር አንሥተው እንደተሸነፉት ብዙ ባላባቶች ሳይሆን፣ አገሩን እንደያዘ፣ የውስጥ ሥርዓቱም ሳይፈርስበት፣ ግብሩን በወርቅና በዝሆን ጥርስ እየከፈለ ለመኖር ቻለ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በእግሩ የተተካው ልጁ ኩምሳ ክርስትና ተነሥቶ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ የደጃዝማችነትንም ማዕረግ ተቀበለ። ይህን ሁሉ እዚህ ማንሣቴ የዘር ሐረግ መቁጠር ስለምወድ አይደለም፤ ግቢው እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታየው ያን ጊዜ በተደረገው ስምምነት ምክንያት መሆኑን መንገደኛው ካላወቀ፣ የሚያየው ነገር አሮጌ ጣራና አሮጌ ምሰሶ ብቻ ሆኖ እንዳይቀርበት ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ግድም የተመሠረተው ይህ ግቢ በአንድ ታላቅ አዳራሽ የተወሰነ ሳይሆን፣ በአንድ አጥር ውስጥ የተሰበሰቡ ልዩ ልዩ ቤቶች ያሉበት የመኳንንት ሰፈር ነው፤ እስከ አብዮቱም ድረስ የበከሬ ወገን መኖሪያ ሆኖ ቆይቷል። የጎንደርን ግንብ አይቶ የመጣ ሰው በመጀመሪያ ሲመለከተው ቅር ይለው ይሆናል፤ ድንጋይ ዘመንን በኃይሉ ሲቋቋም እንጨት ግን የሚኖረው በጠባቂው ትጋት ብቻ ነውና፣ ግርማው እንደ ግንብ ከሩቅ የሚጠራ አይደለም። ነገር ግን ወለጋ የደን አገር ነው፤ የደን አገር ጠቢብ ደግሞ አሳቡን የሚገልጸው በእንጨት ነው። ስለዚህ ጎብኚው ሳይቸኩል እየዞረ፣ ምሰሶው እንዴት እንደተጠረበ፣ በረንዳው ዝናቡን እንዴት እንደሚመልስ፣ ከቤት ወደ ቤት የሚያልፈው ሰው በማን ፊት እንዲያልፍ እንደታሰበ ቢመለከት፣ የባላባቱ ሥርዓት በሕንጻው ውስጥ ተጽፎ ያገኘዋል። የጌታ ግቢ በዚያ ዘመን ፍርድ የሚሰጥበት ብቻ ሳይሆን ግብር የሚበላበትም ነበር፤ ሹመቱና ማዕዱ ተለያይተው አያውቁም ነበርና፣ ለዚህ ቀን ጉዞ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ለሥነ ጽሑፍም ባለ ውለታ ነው። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ በምጽዋ ነፃ ከወጣ በኋላ በዚያው አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን የተማረው አናሲሞስ ነሲብ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1891 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ በግዕዝ ፊደል ካሳተመ በኋላ፣ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ በመጣ ጊዜ በክብር የተቀበለው እርሱ ነበር። አናሲሞስም በካህናት ክስ ቢፈተን እንኳ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ማለት እስከ 1923 ዓ.ም.፣ በዚያው ሲያስተምር ኖረ። በዚህ ሥራ ከጎኑ ያልተለየችው አስቴር ጋኖ፣ እርሷም ከባርነት ነፃ የወጣች፣ ከእርሱ ጋር በ1886 ዓ.ም. ባሳተመችው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ከሕዝቡ አፍ የተሰበሰቡ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና መዝሙሮችን አስገብታለች፤ በነቀምቴም ሴቶች ልጆችን አስተምራለች። በእኔ ግምት ከወለጋ ጠቢባን መካከል ከሁሉ አስቀድማ ልትጠራ የሚገባት እርሷ ናት፤ ምክንያቱም እንጨትና ሸክላ ቢሰበር ይተካል፣ በቃል ብቻ ይኖር የነበረው ግን እርሷ ባትጽፈው ኖሮ ከአሮጊቶቹ ጋር ይቀበር ነበር።

ከግቢው ወጥቶ ወደ ወለጋ ቤተ መዘክር የሚወስደው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው። በዚህ ቤት የወለጋ ኦሮሞ ልብስና ጌጥ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የሽመና፣ የስፌትና የእንጨት ሥራ ተሰብስቦ ይታያል፤ በቤተ መዘክሩ ግቢ ደግሞ የጣልያን የጦር አውሮፕላን ስብርባሪ ተቀምጧል። ይህ ብረት ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ማለፍ አይገባም። በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጄኔራል ማሊዮኮ የሚመራቸው የጣልያን መኮንኖች ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለመያዝ አስበው በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ሜዳ በአውሮፕላን ወረዱ። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶች የሚበዙበት፣ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራው የጥቁር አንበሳ ጦር ግን በሌሊት ደርሶ ጄኔራሉንና አብዛኞቹን ተከታዮቹን ገደለ፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠለ። በወረራው ዘመን የጠላት አየር ኃይል ከፍተኛ ሹም በአርበኛ እጅ የወደቀበት ቦታ ይህ ነው፤ በከተማዋ ያደገ ልጅ ሁሉ ግን ታሪኩን በሚገባ ያውቀዋል ብዬ አልደፍርም።

ብቻውን እየዞረ ጥበብ የሚያይና የአገሩን ምግብ የሚቀምስ መንገደኛ ዛሬ በሌላው ዓለም የራሱ ከተሞችና ደሴቶች ተዘጋጅተውለታል። በጃፓን፣ ሴቶ በሚባለው የውስጥ ባሕር ላይ የምትገኘው ናኦሺማ የተባለችው ትንሽ ደሴት፣ ታዳኦ አንዶ የተባለው መሐንዲስ በነደፋቸው ቤተ መዘክሮች ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ስሟ ገንኗል፤ ከእነዚህም አንዱ የተራራውን መልክ እንዳያበላሽ ከመሬት በታች ተሠርቷል። በባሕሩ ዳርቻ የቆመው፣ ያዮይ ኩሳማ የሠራችው ቢጫ ዱባ የደሴቲቱ ምልክት ሆኖ፣ በ2013 ዓ.ም. ማዕበል ቢወስደው እንኳ እንደገና ተሠርቶ ተመልሷል። መንገደኛው ከዚያ ሁሉ ዝምታ ወጥቶ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ኡዶን በሞቀ መረቅ ለብቻው በልቶ በጀልባ ይመለሳል፤ የሚያናግረው ሰው ሳይኖር ቀኑ ቢያልፍም ምንም አልጎደለበትም። እኔ ይህን ሥርዓት አልነቅፍም፤ ጥበብን በጸጥታ መመልከት ትልቅ ጸጋ ነው። በነቀምቴ ግን የቀኑ ሁለተኛ እኩሌታ በዚያ መንገድ አይሄድም።

የናኦሺማ ሰዎች ዱባን በምስል ሲያከብሩ፣ ወለጋ የዱባን ዘመድ ከመሬት ቆፍራ ትበላዋለች፤ ይህም አንጮቴ ነው። አንጮቴ ከዱባና ከቅል ወገን የሆነ፣ በአጥር ወይም በእንጨት ላይ እየተሳበ የሚያድግ ሐረግ ሲሆን፣ የሚበላው በይበልጥ በመሬት ውስጥ የሚያብጠው ሥሩ ነው፤ ለጋ ቅጠሉም ለምግብ ይሆናል። በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በወለጋና በኢሉባቦር፣ በየጓሮው ይዘራል፤ በሌላው አገራችን ክፍል ግን ስሙን እንኳ የማያውቀው ብዙ ነው። ባለሙያዋ ሥሩን አጥባ ከነልጣጩ ትቀቅለዋለች፤ ከበሰለ በኋላ ልጣ፣ ቆራርጣ ወይም ወቅጣ፣ በንጥር ቅቤና በቅመም ታሸዋለች። በካልሲየም የበለጸገ መሆኑን የዘመኑ መርማሪዎች መስክረዋል፤ የወለጋ እናቶች ግን ላቦራቶሪ ሳይጠብቁ አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ለአራስ ሲመግቡት ኖረዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው ለመስቀል በዓል ነው፤ ያለ አንጮቴ የሚውል መስቀል በዚያ አገር ጎዶሎ ይባላል።

ሁለተኛው ጩምቦ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ብቸኛው መንገደኛ ይቸገራል። ጩምቦ ከጤፍ ሊጥ፣ ከእንጀራ እጅግ ወፍሮ በሰፊ ምጣድ የሚጋገር፣ በትኩሱም ንጥር ቅቤና ቅመም እየጠጣ የሚቀርብ የክብር ምግብ ሲሆን፣ አይብ ወይም እርጎ ይከተለዋል። ለሠርግ፣ ለመስቀል፣ ለትልቅ እንግዳ ይሠራል እንጂ ለአንድ አፍ ተብሎ ምጣድ አይጣድለትም። ስለዚህ ለብቻው ተቀምጦ ጩምቦ አምጡልኝ የሚል ሰው፣ ባለቤቷ ትኩር ብላ አይታው፣ «ብቻዎን ነዎት እንዴ?» ብትለው ሊደነግጥ አይገባውም፤ ጥያቄው የመጠንም የርኅራኄም ነው። ትንሽ ቆይቶ ከጎረቤት ገበታ «ኑ፣ አብረን እንብላ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እምቢ ማለትም ነውር ነው። ምግቡን በቅቤ የራሰ እጅ ያቀርበዋል፤ ጨዋታው በኦሮምኛ ተጀምሮ ለእንግዳው ሲባል ወደ አማርኛ ያልፋል፤ መንገደኛውም ከወዴት እንደመጣ፣ ያገባ እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይናገር አይነሣም። ጠዋት በቤተ መዘክሩ በመስተዋት ኋላ ያየው መሶብ፣ ቅልና የቀንድ ዋንጫ እዚህ በእጅ ይዞራል፤ ምን ያህሉ ውበት ለዓይን፣ ምን ያህሉ ለእጅ ተብሎ እንደተሠራም ይገባዋል።

ከምሳ በኋላ ቡና አለ፤ ስለ ቡና በወለጋ ምድር ማስረዘም ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይሆንብኛልና በአጭሩ ልለፈው። በዓለም ገበያ ለቀምቲ በሚል ስም የሚሸጠው፣ በፀሐይ የደረቀ፣ ፍሬው ገዘፍ ያለና ጣዕሙ ወደ ፍራፍሬ የሚያደላ ቡና ስሙን ከዚህች ከተማ ቢወስድም፣ ብዙው ከጊምቢና ከዚያ ወዲያ ካለው አገር የሚመጣ ነው። እንግዳው ሊጠይቅለት የሚገባው የሚጠጣውን ሳይሆን የሚበላውን ነው፤ ቡናው ከነገለባው ጫፉ ተነክሶ፣ በቅቤ ፈልቶ፣ ሽማግሌዎች መርቀውት ለቤተ ሰቡ በእፍኝ ይታደላል። ይህ የጸሎትና የምርቃት ሥርዓት ስለሆነ ቡና ቤት ገብቶ አይታዘዝም፤ ሰው ቤት መጋበዝን ይጠይቃል።

ቀን የተረፈው ሰው ወደ ጊምቢ፣ ከዚያም ወደ ነጆ ወይም በፕላቲኒየሟ ወደምትታወቀው ዩብዶ ሊዘልቅ ይችላል፤ ለአንድ ቀን እንግዳ ግን ነቀምቴ ይበቃዋል። ቤተ መዘክሩን የሚያስተዳድሩትን አንድ ነገር መለመን እወዳለሁ፤ ከመሶቡና ከምጣዱ አጠገብ፣ አንጮቴና ጩምቦ እንዴት እንደሚሠሩ በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ፤ ቢቻልም በግቢው አንዲት ባለሙያ ተቀምጣ ለጎብኚው ታቅምስ። መንገደኛው ደግሞ ከመነሣቱ አስቀድሞ የጎዳናውን ሰላምና ቤተ መዘክሩ የሚከፈትበትን ሰዓት ይጠይቅ፤ ቢችል በመስቀል ሳምንት ይሂድ፤ ጩምቦ ካማረው ግን ጓደኛ ይዞ ይሂድ፣ አለዚያም በዋዜማው ለባለቤቷ ነግሮ ይደር።