ያውቁ ኖሯል?

ለዕፅዋት ባለ ሁለት ቃል ሳይንሳዊ ስም የመስጠትን ሥርዓት ያጸናው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ፣ ስሙ ከመግነኑ በፊት አንድ በጋ ሙሉ በፈረስና በእግር እየተጓዘ የዱር ዕፅዋት ሲመዘግብ እንደከረመ ያውቁ ኖሯል?

ጉዞውን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1732 ከኡፕሳላ ከተማ ሲጀምር ገና 25 ዓመት ሊሞላው ነበር። ትንሿ የቆዳ ቦርሳው የያዘችው ጥቂት ልብስ፣ ቀለምና የላባ ብዕር፣ ማይክሮስኮፕ፣ የዕለት ማስታወሻውን፣ ዕፅዋት የሚያደርቅበትን ወረቀትና ፊቱን ከትንኝ የሚከልልበትን ስስ መሸፈኛ ነው። በእጁ የያዘው ዱላም የርዝመት መለኪያ ምልክት የተቀረጸበት ነበር።

መድረሻው ሳሚ የተባሉት ሕዝቦች የሚኖሩበት ሰሜናዊው ላፕላንድ ነው። እዚያ የቅጠልና የአበባን ቅርጽ በመጻፍ ብቻ አልተወሰነም፤ ሰዎች ተክሉን ለምን እንደሚጠቀሙበትም ይጠይቅ ነበር። ለምሳሌ ትናንሽ ነፍሳትን በሚያጣብቅ ቅጠሉ ይዞ የሚመገብ አንድ ዕፅ አለ፤ ሊኒየስ የአካባቢው ሰዎች በዚህ ቅጠል ወተት እንደሚያረጉ መዝግቧል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ዛሬም የጉዞውን ማስታወሻ ሕያው ያደርገዋል።

የልፋቱ ውጤት የሆነው «ፍሎራ ላፖኒካ» የተሰኘ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1737 አምስተርዳም ላይ ታተመ። ከ500 በላይ ዝርያዎች ተገልጸውበታል።

ኡፕሳላ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ የመጨረሻው ቅጽ በ2009 የወጣው፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በዝርዝር የሚገልጸው ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ የተዘጋጀው በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ነው።