ካላዛርን በስኳሩ ማደን

ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ ወደ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚያድረው ማሳው ዳር፣ ሜዳ ላይ ነው። በጋ ላይ የሚሰነጣጠቀው ዋልካ መሬት የአሸዋ ዝንብ መጠለያ ነው፤ ዝንቧም ስትነክስ የካላዛርን ተሕዋስ፣ ሊሽማኒያ ዶኖቫኒን፣ ታስተላልፋለች። ትኩሳቱ ይሰነብታል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ካልታከሙት ይገድላል።

በጤና ተቋማት የተለመደው ፈጣን ምርመራ፣ አርኬ39፣ የሚፈልገው ተሕዋሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ግን ሕመምተኛው ከዳነ በኋላም በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አምና ታክሞ የዳነ ሠራተኛ ዘንድሮ ትኩሳት ቢይዘው፣ ካላዛር አገርሽቶበት እንደሆነ ምርመራው አይለይም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ደግሞ በቂ አንቲቦዲ ላያመርት ይችላል። ከጣፊያ በመርፌ ናሙና መውሰድ እርግጡን ይናገራል፤ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ሌላው መንገድ አንቲቦዲውን በቤተ ሙከራ አዘጋጅቶ ተሕዋሱን ራሱን ማደን ነው። ዒላማው የሴሎችን ገጽ የሚሸፍነው የስኳር ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ የደም ዓይነት የሚታወቀው በዚሁ ነው። ኤ እና ቢ የሚለያዩት በሰንሰለቱ ጫፍ ባለች አንዲት ስኳር ሲሆን፣ ጸረ-ኤ ጠብታ ኤ ደምን ያጓጉላል።

ሊሽማኒያ በዝንቧ አንጀት ሳለ ገጹን የሚሸፍነው ሊፖፎስፎግላይካን ነው፤ ጋላክቶስ፣ ማኖስና ፎስፌት የሚደጋገሙበት ሰንሰለት። ተሕዋሱ ሰው ውስጥ ገብቶ ቅርጹን ሲለውጥ ግን ይህ ሰንሰለት በእጅጉ ይመነምናል። ለዝንቧ ተሕዋስ የሠራ አንቲቦዲ ለሕመምተኛው ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

ካቴክስ የተባለው ምርመራ ከሕመምተኛው ሽንት ጋር የሚወጣ፣ ሙቀት የማይበግረው ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። ሽንቱ ይፈላል፤ ምርመራውን የሚያሳስቱ ነገሮች በሙቀቱ ሲጠፉ ስኳሩ ይተርፋል። ከዚያ አንቲቦዲ የተለጠፈባቸው የላቴክስ ቅንጣቶች ይጨመራሉ፤ ከተጓጎሉ ተሕዋሱ አለ ማለት ነው። ጎንደርና አብደራፊ ላይ ኤችአይቪም ካላዛርም ባለባቸው ሕሙማን ተሞክሮ ተስፋ አሳይቷል፤ የእነርሱ አካል ብዙ ተሕዋስ ስለሚሸከም በሽንት የሚወጣው ስኳርም ይበዛል። ተሕዋሱ ጥቂት በሆነበት ሰው ግን ብዙ ያመልጠዋል፤ ደካማውን መጓጎልም በዓይን መለየት ያስቸግራል።

የቆላው ጤና ጣቢያ የሚያስፈልገው እንግዲህ ሳያፈሉ የሚጠቀሙበት፣ ጥቂቱንም ስኳር የሚይዝ ምርመራ ነው። ያኔ ነርሷ በሽተኛው ካላዛር ይዞት ያውቅ እንደሆነ ሳይሆን፣ ዛሬ ይዞት እንደሆነ ትነግረዋለች፤ መድኃኒቱም የሚታዘዘው በዚህ ነው።