ከቃል የሚቀድም ዜማ፦ ኦቲዝም፣ ሙዚቃና የጋርላንድ ኢትዮጵያውያን ወላጆች

ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ጋርላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ አብያተ ክርስቲያናትንም አቋቁመዋል። ከበሮና ጸናጽል ወደሚሰማበት ጉባኤ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ይዞ መሄድ ለወላጅ ቀላል አይደለም። አንዱ ልጅ ድምፁ ሲበረታበት ጆሮውን ይዞ ወደ ውጭ ይሮጣል። ሌላው፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይለው፣ መዝሙሩ ሲጀመር ይነቃና ዜማውን ሳያዛባ ያንጎራጉራል። ቃል ያልወጣው ልጅ ዜማውን ከየት አመጣው?

ጥያቄው የኦቲዝም ጥናትን ያህል ዕድሜ አለው። ዶክተር ሊዮ ካነር እ.አ.አ በ1943 ስለ 11 ልጆች ባሳተሙት ጽሑፍ ቀድሞ የተመዘገበው የሚሲሲፒው ዶናልድ ትሪፕሌት፣ ገና በአንድ ዓመቱ ብዙ ዜማዎችን በትክክል ያንጎራጉር እንደነበር ሰፍሯል።

የብሪታንያዋ ተመራማሪ ፓሜላ ሂተንና ባልደረቦቿ በ1998 ባወጡት ጥናት፣ ሙዚቃ ተምረው የማያውቁ ልጆች የሙዚቃ ድምፆችን ከእንስሳት ሥዕል ጋር እያዛመዱ እንዲያስታውሱ ተደረገ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ድምፆቹ የንግግር ድምፆች ሲሆኑ ግን ብልጫው አልታየም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ከጠቅላላው ይልቅ ዝርዝሩን አጥርተው እንደሚይዙ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ዜማ ደግሞ ሥርዓት አለው፤ አዝማቹ ተመልሶ ይመጣል፣ ምቱም ቦታውን አይስትም። የሰው ፊትና ንግግር እንዲህ አስቀድሞ አይታወቅም።

ከእነዚህ ልጆች መካከል በተሰጥኦው ዓለምን ያስደነቀ አለ። በ1979 ያለጊዜው የተወለደው እንግሊዛዊው ዴሪክ ፓራቪቺኒ ዓይነ ስውርና ኦቲዝም ያለበት የፒያኖ ተጫዋች ነው። እንደ እርሱ ዓይነ ስውርና ኦቲዝም ያለበት አሜሪካዊው ኮዲ ሊ በ2019 «አሜሪካስ ጋት ታለንት» የተሰኘውን የቴሌቪዥን ውድድር አሸንፏል። ነገር ግን እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። የእነርሱ ዝና ሌሎች ወላጆችን «የእኔስ ልጅ ተሰጥኦው የት አለ?» ወደሚል ፍለጋ ሲያስገባ ይታያል፤ ይህም ልጁ አሁን ከዜማው የሚያገኘውን ደስታ እንደ ትንሽ ነገር ያስቆጥራል።

በሙዚቃ የሚሰጥ ሕክምና ልጁን ለመድረክ አያዘጋጅም። ባለሙያዋ ልጁን ትከተላለች፤ ከበሮውን ሁለት ጊዜ ሲመታ እርሷም ሁለት ጊዜ ትመታለች። ከዚያም የለመደውን ዜማ መሐል ላይ አቁማ ትጠብቃለች። ልጁ ቀና ብሎ ካያት፣ ወይም የጎደለውን ድምፅ ከሞላ፣ በመካከላቸው ያለ ቃል ምልልስ ተጀምሯል።

ውጤቱ ሳይጋነን መነገር አለበት። በዘጠኝ አገሮች 364 ልጆችን ያሳተፈና በ2017 የታተመ ጥናት፣ ሕክምናው ከአምስት ወር በኋላ የኦቲዝምን ምልክቶች በጎላ ሁኔታ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በ2018 በሞንትሪያል 51 ልጆችን ይዞ የተደረገ ጥናት በበኩሉ በተግባቦት ላይ መሻሻል አግኝቷል። በ2022 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 26 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሕክምናው የኑሮን ጥራትና አጠቃላይ ሁኔታን ሳያሻሽል እንደማይቀር ደምድሟል።

በአዲስ አበባ የዚህ ታሪክ ፈር ቀዳጅ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ የተመለሱትና ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የሆኑት ዘሚ፣ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ማዕከላቸውን «ጆይ»፣ ማለትም ደስታ፣ ብለው ሰየሙት። ልጆች ተደብቀው በሚያድጉበትና ኦቲዝም እንደ እርግማን በሚታይበት ጊዜ ይህን ስም መምረጥ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ በሠሩበት ዘመን፣ የግዕዝ ፊደላትን ድምፅ መሠረት ያደረገ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የንግግር ማስተማሪያም አዘጋጅተዋል። ኢትዮጵያውያን ልጆች ለዘመናት ሀ ሁን በዜማ ሲቆጥሩ ማደጋቸውን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆች ወላጆች «ልጁን ግራ ስለሚያጋባው አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር ሲሰጣቸው ይሰማል። ሆኖም በካናዳ የተደረገና በ2012 የታተመ የሃምብሊና የፎምቦን ጥናት፣ በሁለት ቋንቋ ያደጉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በአንድ ቋንቋ ካደጉት ይልቅ በንግግር እንዳልዘገዩ አሳይቷል። ስለዚህ እሹሩሩውን ለማቆም ምክንያት የለም።

በአሜሪካ ከስምንት ዓመት ልጆች ከ31 አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ በ2025 አስታውቋል። ዕድሜው ሦስት ዓመት የሞላ ልጅ በፌዴራል ሕግ መሠረት በሕዝብ ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ሊመረመርና ልዩ ትምህርት ሊያገኝ ይችላል። በቴክሳስ ወላጅ ምርመራ እንዲደረግ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ የትምህርት አስተዳደሩ በ15 የትምህርት ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። ልጁ ከትምህርቱ እንዲጠቀም የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ፣ የሙዚቃ ሕክምናም በግል የትምህርት ዕቅዱ ውስጥ ሊካተት ይችላል። ባለሙያም ሩቅ አይደለም፤ የዳላሱ ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲና የዴንተኑ ቴክሳስ ዊመንስ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ሕክምናን ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ዕቅዱ በሚዘጋጅበት ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ የሚከብደው ወላጅ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው። ልጁ ቤት ውስጥ የሚወደውን ዜማ በስልክ ቀርጾ ይዞ መሄድም ይቻላል፤ መርማሪዎቹ በማያውቁት ክፍል ዝም ብሎ የሚያዩት ልጅ፣ ቤቱ ሲሆን የሚያወጣው ድምፅ ከዚያ ይሰማል።