ፍጻሜው የታወቀ ታሪክ፦ የፊልም ኑዋር ዘላቂ ማራኪነት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ የተሠሩ፣ ብዙዎቹም በአነስተኛ ገንዘብ በጥቁርና ነጭ የተቀረጹ የወንጀል ፊልሞች ዛሬም የሚታዩትና የሚጠኑት ለምንድን ነው? የወንጀል ታሪክ ኃይሉ በልብ ሰቀላው ላይ ነው ይባላል፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ስለምንጓጓ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንከተላለን። ፊልም ኑዋር በሚባለው ዘውግ ውስጥ ግን ገዳዩ አንዳንድ ጊዜ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ማንነቱን ራሱ ይነግረናል። ምሥጢሩ ከመነሻው ተገልጦ ሳለ ተመልካቹን ከወንበሩ የሚያስቀረው ምንድን ነው? መልሱን ለመፈለግ ከስሙ አመጣጥ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፊልም ኑዋር» በፈረንሳይኛ «ጥቁር ፊልም» ማለት ነው። ስሙን ያወጡት የፊልሞቹ ሠሪዎች አይደሉም። ፈረንሳይ በጀርመን ተይዛ በነበረችባቸው ዓመታት የአሜሪካ ፊልሞች ወደ ፓሪስ አይገቡም ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 «ዘ ማልቲዝ ፋልኮን»፣ «ላውራ»፣ «መርደር፣ ማይ ስዊት» እና «ደብል ኢንደምኒቲ» በአጭር ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ለፓሪስ ተመልካች ቀረቡ። ሐያሲው ኒኖ ፍራንክ በዚያው ዓመት እነዚህን ፊልሞች በዚህ ስም ጠራቸው፤ በ1955 ደግሞ ሬሞን ቦርድና ኤትየን ሾመቶን ስለ ዘውጉ ሙሉ መጽሐፍ አሳተሙ። ፊልሞቹን በየዓመቱ አንድ በአንድ ያየው አሜሪካዊ ያላስተዋለውን የጋራ ጠባይ፣ ባንድ ላይ ያያቸው ፓሪሳዊ አስተዋለው ማለት ነው።

ይህ የጋራ ጠባይ ከሦስት ምንጮች የተቀዳ ነው። የመጀመሪያው ስደት ነው። ቢሊ ዋይልደር በ1933 ሂትለር ሥልጣን እንደያዘ በርሊንን ለቅቆ ወጣ፤ እናቱም በኋላ ናዚዎች በአይሁድ ላይ በፈጸሙት እልቂት ሞተች። ፍሪትዝ ላንግና ሮበርት ሲዮድማክም ከጀርመን ሲኒማ የመጡ ስደተኞች ናቸው። በጀርመን ያዳበሩትን የጥላ አጠቃቀምና ሥርዓት በአንድ ሌሊት ሊፈርስ እንደሚችል ያስተማራቸውን የሕይወት ልምድ ይዘው ሆሊውድ ደረሱ። ሁለተኛው ምንጭ ሥነ ጽሑፍ ነው። ዳሺል ሃሜት በፒንከርተን ድርጅት የግል መርማሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ሬይመንድ ቻንድለር ሥራውን እስካጣበት እስከ 1932 ድረስ የነዳጅ ኩባንያ ኃላፊ ነበር፤ ጄምስ ኬን ጋዜጠኛ ነበር። ሦስቱም ወንጀልን ከባላባት ግቢ አውጥተው ወደ ከተማው ቢሮና ጎዳና አወረዱት። ሦስተኛው ምንጭ እጥረት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለትዕይንት ግንባታ የሚውል አዲስ ቁሳቁስ በመንግሥት ተገድቦ ነበር። ያልተሠራ ግድግዳን የሚሸፍን ጨለማ ወጪ አይጠይቅም። በኤድጋር ኡልመር «ዲቱር» (1945) ውስጥ ሁለት ሰዎች በኒው ዮርክ ጎዳና ሲሄዱ የምናየው ጭጋግን ነው፤ ከጭጋጉ ጀርባ ከተማ የለም።

ብርሃኑ እንዴት እንደሚሠራ ላብራራ። በጊዜው በነበረው የሆሊውድ ልማድ አንድ ተዋናይ በሦስት መብራቶች ይበራል፤ ዋናው ፊቱን ያበራል፣ ሁለተኛው ዋናው የፈጠረውን ጥላ ያለሰልሳል፣ ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ሰውየውን ከግድግዳው ይለየዋል። የኑዋር የካሜራ ባለሙያዎች ሁለተኛውን መብራት ቀነሱት ወይም አጠፉት። ውጤቱ ግማሹ የሚታይ፣ ግማሹ የተሰወረ ፊት ነው። ጆን ሴይትዝ «ደብል ኢንደምኒቲ»ን ሲቀርጽ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ጎልቶ እንዲታይ በክፍሉ አየር ላይ የአሉሚኒየም ብናኝ በትኗል። የመስኮቱ አግዳሚ መከለያ የሚጥላቸው ቀጥ ያሉ የጥላ መስመሮች በሰውየው ልብስ ላይ ሲያርፉ፣ ወንጀሉን ገና ሳያስበው እስረኛ ይመስላል። ተመልካቹ ገጸ ባሕርዩ የማያውቀውን ያውቃል፤ የነገረው ደግሞ ብርሃኑ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የ1944ቱ «ደብል ኢንደምኒቲ» ስሙ «እጥፍ ካሳ» ማለት ነው። የኢንሹራንስ ሻጩ ዋልተር ኔፍ በትከሻው ላይ ቆስሎ በሌሊት ወደ መሥሪያ ቤቱ ይገባል፤ በድምፅ መቅጃ ፊት ተቀምጦ ለባልደረባው ለባርተን ኪዝ መናገር ይጀምራል። ከደንበኛው ሚስት ከፊሊስ ጋር ተማክሮ ባሏን እንደገደለ፣ የፈለገውን ገንዘብም የፈለጋትንም ሴት እንዳላገኘ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይነግረናል። የቀረው ፊልም ምልሰት ነው። «ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ስለተዘጋ፣ በቦታው «ይህ ተራ ሰው እንዴት እዚያ ደረሰ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይተካል። የመጀመሪያው ጥያቄ አንዴ ከተመለሰ ያልቃል፤ ሁለተኛው ግን ፊልሙን ባየን ቁጥር ይታደሳል። የዘውጉ ዕድሜ ምሥጢር በዚህ ልዩነት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኔፍን ንግግር ለመሰየም አማርኛችን እጅግ ተስማሚ ቃል አለው። «ኑዛዜ» በአንድ በኩል ኃጢአትን መናዘዝ ነው፤ በሌላ በኩል የሚሞት ሰው የሚተወው የመጨረሻ ቃል ነው። ኔፍ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ወንጀሉን ለኪዝ ይናዘዛል፤ የሟቹን ልጅ ሎላንም አደራ ይሰጠዋል። ኪዝ የኩባንያው አጭበርባሪ አሳዳጅ ስለሆነ የሚናዘዝለት ሰው ዳኛውም ወዳጁም ነው። እኛም ተመልካቾቹ ከኪዝ ጋር በዚያው ቦታ ላይ እንቀመጣለን። የምንወደውን ሰው ጥፋት እየሰማን ሳንዋሽለት መፍረድ ይኖርብናል።

ፍርዱም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ተናዛዡ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በዕጣ ፈንታ ያመካኛል። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚለው አነጋገር ለሚያውቅ አድማጭ ይህ ማመካኛ እንግዳ አይሆንም። የ«ዲቱር» ተራኪ አል ሮበርትስ ዕጣ ያለ ምክንያት እንደመረጠው ደጋግሞ ይነግረናል። በጥሞና ስናየው ግን ሬሳውን የደበቀው፣ የሟቹን ገንዘብ፣ መኪናና ስም የወሰደው ራሱ ነው። ኔፍም ፊሊስን ከማግኘቱ በፊት ኩባንያውን ማታለል ስለሚቻልበት መንገድ ያስብ እንደነበር በገዛ አፉ ይመሰክራል። ድምፁ «ተገድጄ ነው» ሲል ምስሉ «መርጠህ ነው» ይላል። ፊልሙ ከሁለቱ አንዱን አይመርጥልንም፤ ሥራውን ለእኛ ይተወዋል።

ይህ አወቃቀር በከፊል የሳንሱር ልጅ ነው። ከ1934 ጀምሮ በጆሴፍ ብሪን የሚመራው ቢሮ በሆሊውድ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳይቀር ያስገድድ ነበር፤ የኬንም ታሪክ በ1935 በዚሁ ቢሮ ተቃውሞ ሳይቀረጽ ቀርቷል። ዋይልደርና ቻንድለር ታሪኩን ለፊልም ሲጽፉ ቅጣቱን ወደ መጀመሪያው አመጡት። ፍጻሜው በሕግ የታወቀ ከሆነ ለምን ይደበቃል? በዚህ መንገድ የሥነ ምግባር ትምህርት እንዲሆን የታሰበው ደንብ ለአሳዛኝ ድራማ መሣሪያ ሆነ። ዋይልደር ኔፍ በጋዝ ሲገደል የሚያሳይ ትዕይንት ጭምር ቀርጾ ነበር፤ ሆኖም ቆርጦ አወጣው። የሁለቱ ሰዎች የመጨረሻ ንግግር በቂ ነበርና።

ይሁን እንጂ የዘውጉን ውበት ስናደንቅ ዝምታዎቹንም መስማት አለብን። የመጀመሪያው ዝምታ የሴቲቱ ነው። ፊሊስን የምናውቃት በኔፍ ትረካ በኩል ብቻ ነው። ሴቶች በጦርነቱ ጊዜ ወደ ፋብሪካ ከገቡ በኋላ ወደ ቤት እንዲመለሱ በተነገራቸው ዘመን፣ ራሷን የምትመራ ሴት አጥፊ ሆና መሣሏ ድንገተኛ አይደለም። በአን ካፕላን አርታኢነት በ1978 የታተመው «ዊመን ኢን ፊልም ኑዋር» የተሰኘው የጥናቶች ስብስብ ይህን ጉዳይ ወደ ክርክር አምጥቶታል። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች ፍላጎትና ብልሃት ያላቸው ናቸው፤ ፍጻሜው ቢቀጣቸውም ከተመልካች ትዝታ የሚቀረው ቅጣታቸው ሳይሆን ኃይላቸው ነው።

ሁለተኛው ዝምታ የጥቁር አሜሪካውያን ነው። የኑዋር መርማሪ በከተማው ሁሉ እንደ ልቡ ይገባል፤ ይወጣል። ይህ ነጻነት የቆዳ ቀለም ስጦታ መሆኑን ዘውጉ ለረጅም ጊዜ አልጠየቀም። ሃሪ ቤላፎንቴ በራሱ ኩባንያ ያሠራውና የተወነበት «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው» (1959) ይህን ዝምታ ሰበረ፤ የካርል ፍራንክሊን «ዴቪል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ» (1995) ደግሞ የ1948ቷን ሎስ አንጀለስ በጥቁር መርማሪ ዓይን አሳየ።

ሦስተኛው ዝምታ በፊልም ሠሪዎቹ ላይ የተጫነ ነው። ኤብራሃም ፖሎንስኪ በ«ፎርስ ኦቭ ኢቭል» (1948) ሕገ ወጥ ቁማር እንደ ማንኛውም ሕጋዊ ንግድ ሲመራ አሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኮሚኒስትነት ተጠርጥሮ ከሥራ ከታገዱት አንዱ ሆነ፤ ለቤላፎንቴ ፊልም ሲጽፍም ስሙ በሌላ ሰው ስም ተሸፍኖ ነበር። ጁልስ ዳሲን በተመሳሳይ ምክንያት ወደ አውሮፓ ሄዶ «ሪፊፊ»ን (1955) በፈረንሳይ ሠራ። ስደተኞች የጀመሩት ዘውግ በተራው ስደተኞችን አፈራ።

እንግዲህ ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ባርኔጣው፣ የሲጋራው ጢስና የዝናብ ጎዳናው በቀላሉ ይኮረጃሉ፤ ማስታወቂያዎችም ኮርጀዋቸዋል። የማይኮረጀው አድማጭን የሚፈትነው ኑዛዜ ነው። ሰው ያደረገውን ሲናገር እውነቱንና ማመካኛውን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፤ ሁለቱን መለየት የፍርድ ቤት፣ የታሪክ ተመራማሪና የወዳጅም ሥራ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን በተግባር እንዲፈትሹት «ደብል ኢንደምኒቲ»ን ሁለት ጊዜ እንዲያዩት እጋብዛለሁ፤ አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍተው ኔፍን እየሰሙ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ድምፁን አጥፍተው እጁንና ጥላውን ብቻ እየተከተሉ። ሁለቱ ፊልሞች አንድ ዓይነት ታሪክ የማይናገሩበትን ቦታ ማስታወሻ ይያዙ። ውይይታችን ከዚያ ይጀምራል።