ዋጋው ኢንቦክስ ነው

 

እዚህ ባሕር ዳር በእናቶች የቴሌግራም ግሩፖች በጋራ መግዛት ከተለመደ ቆይቷል። አንዷ ስም ትሰበስባለች፣ ቀብድ ትቀበላለች፣ ዳይፐሩም የዱቄት ወተቱም ከአዲስ አበባ በመኪና ይመጣል፣ ከዚያ ዓባይ ማዶ ላለችውም ሽምብጥ ላለችውም በባጃጅ ይደርሳል። ጥሩ ነገር ነው። የሚያናድደኝ ከፎቶው ሥር የምትለጠፈው መስመር ናት፦ «ዋጋ በውስጥ መስመር»።

በቅርቡ አንድ ግሩፕ ላይ ዳይፐር በካርቶን ወጣ። እኔም ጎረቤቴም ለየብቻ ጠየቅን። ለእኔ ከዋጋው በፊት የመጣልኝ «የት ሰፈር ነሽ?» የሚል ጥያቄ ነበር። መለስኩ፤ ዋጋው መጣ። ማታ ስልካችንን ስናስተያይ የእሷና የእኔ ዋጋ አንድ አይደለም። ካርቶኑ ያው፣ መኪናው ያው፣ ሰብሳቢዋ ያችው።

በጋራ የምንገዛው ብዙ ስንሆን ለመከራከር አቅም ስለምናገኝ ነው። ዋጋው ለየብቻ ሲነገረን ግን ብዛታችን የሚጠቅመው ሰብሳቢዋን ብቻ ነው። እሷ አከፋፋዩ ጋ የሁላችንን ስም ይዛ ትቀርባለች፤ እኛ እሷ ጋ አንድ በአንድ።

ቅርጫን አስቡት። ለፋሲካ በሬ ሲገዛ ስንት እንደተገዛ፣ አራጁ ስንት እንደወሰደ፣ ቆዳው ከተሸጠም በስንት እንደሄደ ባለድርሻው ሁሉ ያውቃል። ሥጋው በመደብ ተደልድሎ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ መዳቢው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አንዱን አሳምሮ ሌላውን በአጥንት አይሞላውም። «የበሬውን ዋጋ ለየብቻችሁ በጆሯችሁ ልንገራችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ የሚቀጥለው በዓል ላይ ማን ይጠራዋል?

ዋጋ መለያየቱን በራሱ አልጠላም፤ ምክንያቱ ከታወቀ። ጣና ዳር ወርዳችሁ ወደ ዘጌ ስንት እንደሆነ ብትጠይቁ ጀልባ ነጂው «ስንት ናችሁ?» ይላችኋል። ትክክል ነው። ሁለት ሰውም ይዞ እዚያ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ይሂድ፣ ጀልባውንም ሞልቶ ይሂድ፣ የሚነደው ነዳጅ ያን ያህል አይራራቅም። ለጥቂት ሰው ለምን እንደሚወደድ ማንም ይገባዋል።

ዋጋ የሚደብቅ ሁሉ ግን አጭበርባሪ አይደለም። አንዲት ሰብሳቢ ቆጣ ብዬ ስጠይቃት የነገረችኝ አሳሰበኝ። አከፋፋዩ «ከዚህ ዋጋ በታች እንዳትሸጡ» ብሏቸዋል። ቀንሳ ከለጠፈች ሌላው ቸርቻሪ ስክሪንሾት አንሥቶ ለአከፋፋዩ ይልክባታል፣ በሚቀጥለው ዙር ዕቃ የለም ትባላለች። ስለዚህ ቅናሹን ደብቃ ትሰጣለች። ያችው አንድ መስመር፣ አንዷ ጋ ዋጋ መጨመሪያ፣ ሌላዋ ጋ ቅናሽ መደበቂያ ሆናለች። እኛ ከውጭ ሆነን የትኛዋ የቷ እንደሆነች የምናውቅበት መንገድ የለንም። ከሁሉ የሚከፋኝ ይሄ ነው።

ሕጉን እንይ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንቀጽ 15 ላይ ነጋዴ ዋጋውን በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል፤ ታክሱም ዋጋው ውስጥ ነው። የተጻፈው ግድግዳና መደርደሪያ ላለው ሱቅ ይመስላል፤ ቴሌግራም ላይ ግድግዳው የቱ ነው ብላችሁ ብትከራከሩ አልፈርድባችሁም። አንቀጽ 7 ግን ሱቅም ቴሌግራምም አይልም። አቅራቢና ቸርቻሪ ተስማምተው ዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋ መወሰንን ይከለክላል። ሰብሳቢዋ በፍርሃት የምትደብቀው ቅናሽ ሕጋዊ ነው፤ ሕግ የሚነካው የሚያስፈራራት ትእዛዝ ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1911 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዝቅተኛ ዋጋ የመወሰን ስምምነትን በደፈናው ሕገወጥ ብሎት ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ያው ፍርድ ቤት ሊጂን በተባለ የቆዳ ዕቃ አምራች ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ያንን ሽሮ፣ እያንዳንዱ ጉዳይ በራሱ ይመዘን አለ። እዚያ አንዳንድ የኦንላይን ሱቆች «ዋጋውን ለማየት ቅርጫት ውስጥ ይጨምሩ» የሚሉት አምራቹ ከወሰነው በታች የሆነ ዋጋ በማስታወቂያ እንዳይወጣ ስለሚከለክላቸው ነው። የእነሱም ኢንቦክስ እሱ ነው።

እኔ የማዝዘው ይህንን ቻናል ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የሚለጠፍ የጋራ ግዢ ሦስት ነገር ይጻፍበት፦ የካርቶኑ መግዣ፣ የመኪናው ሒሳብ፣ የሰብሳቢዋ ድካም። ድካሟን በግልጽ ትጻፍ፤ ማንም በነፃ ይልፋ አላልኩም። የአከፋፋይ ማስፈራሪያ የደረሳት ደግሞ መልእክቱን አታጥፋው፤ ንግድ ቢሮ ስንሄድ የምናሳየው እሱን ነው። «ኢንቦክስ» ብቻ ብሎ የሚወጣውን ፖስት አጠፋዋለሁ፤ ጓደኛዬም ብትሆኚ።