ለእናት ቤት የሚሠራ ኪችን ካቢኔት

አዲስ አበባ ውስጥ ኪችን ካቢኔት ማሠራት የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከፈርኒቸር ቤት ማዘዝ ነው፤ ሠራተኛው መጥቶ ግድግዳውን ይለካል፣ ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕውድ የተቆረጠው ሣጥን ተገጥሞ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ሌላው፣ ከቤተሰቡ መካከል እንጨት የሚሠራ ልጅ፣ ወንድም ወይም አጎት ካለ ሥራውን ለእሱ መስጠት ነው። ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ገንዘብ ለመቆጠብ ነው፤ ምክንያቱ ግን ደካማ ነው። የእጅ ዋጋው ቢቀር እንኳ የጣውላው፣ የማጠፊያው፣ የመሳቢያ ሐዲዱና የቫርኒሹ ወጪ አይቀርም፤ በጅምላ የሚገዛ ድርጅት ደግሞ ሁሉንም በርካሽ ያገኛል። ለቤተሰቡ የሚሠራ ሰው ከገበያው የሚበልጠው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ እንጨቱ እስኪደርቅ የሚጠብቅበት ጊዜ አለው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ የሚያበስለውን ሰውም ያውቃል። ሁለቱን ከተጠቀመባቸው ከፋብሪካ የማይገኝ ዕቃ ይሠራል፤ ካልተጠቀመባቸው ግን ከፈርኒቸር ቤት ማዘዙ ይሻል ነበር።

ካቢኔት ሲፈታ ቀላል ነገር ነው። ሣጥኑ አለ፣ በሣጥኑ ፊት የሚገጠም ፍሬም አለ፣ ከዚያ በርና መሳቢያ። የታችኛው ሣጥን ጥልቀት 56 ወይም 58 ሳንቲ ሜትር ይሆንና ላዩ ላይ የሚያርፈው ግራናይት ወይም እብነ በረድ ወደ 60 ይደርሳል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ከታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ወደ ውስጥ የገባ ክፍተት ይተዋል፤ የሚያበስለው ሰው የእግር ጣቱን የሚያስገባበት ነው። እሱ ከሌለ ሰው ከሣጥኑ ርቆ ስለሚቆም ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት እያጎነበሰ ይሠራል። ሣጥኑን ከ18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ መሥራት የተለመደ ነው፤ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነውን ገበታ አስቀድሞ በወረቀት ላይ አከፋፍሎ መሣል ብዙ ብክነት ያድናል። እስከዚህ ድረስ ቀጥ ያለ መጋዝና ትክክለኛ ማዕዘን ያለው ሁሉ ይሠራዋል። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው በሩ ነው፤ ምክንያቱም በሩ የሚሠራው ከጣውላ ነው፣ ጣውላ ደግሞ ይንቀሳቀሳል።

እንጨት ጎን ለጎን እንደታሰረ የገለባ ነዶ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ እያንዳንዱ ዘለላ ይወፍራል እንጂ አይረዝምም። ስለዚህ ጣውላ በወርዱ ያብጣል፣ በወርዱ ይጠባል፣ ርዝመቱ ግን ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያሳይም። የክፍሉ አየር አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ገደማ ውሃ ይዞ ይረጋል፤ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲደርስ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። የአዲስ አበባ የጥር አየርና የሐምሌ አየር ምን ያህል እንደሚለያዩ የከተማው ሰው በልብሱ ያውቀዋል። ወጥ ቤት ደግሞ የራሱ ክረምት አለው፤ ድስቱ ይንተከተካል፣ ምጣዱ ሲከደን እንፋሎቱ በጠርዙ ይወጣል፣ ማጠቢያው ዙሪያ ውሃ አይጠፋም። እንጨቱ በዓመት ውስጥ 4 በመቶ ብቻ እርጥበት ቢቀያይር እንኳ 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ ከግንዱ በጎን የተሰነጠቀ ጣውላ በአማካይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል ወይም ይጠባል። በሁለት የካቢኔት በሮች መካከል የሚተወው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ነው። በክረምት የማይዘጋ በር፣ በበጋ ብርሃን የሚያሳልፍ ስንጥቅ፣ ሁሉም ከዚህች ትንሽ ሒሳብ የሚመጣ ነው።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ፍሬምና ፓኔል ነው፤ እድሜ የጠገቡ የአዲስ አበባ ቤቶች በሮች ላይም ይታያል። ጠባብ የሆኑ አራት ጣውላዎች በሴቴና በወንዴ ተያይዘው ፍሬም ይሆናሉ። በፍሬሙ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ቦይ ይቆፈራል፣ መሀል ላይ የሚገባው ሰፊ ፓኔል ጠርዙ በዚያ ቦይ ውስጥ ይቀመጣል። ኮላ የሚቀባው የፍሬሙ ማዕዘን ብቻ ነው፤ ፓኔሉ አንዲት ጠብታ ኮላ አይነካውም። በቦዩ ውስጥ በየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ይቀርለታል፤ በሐምሌ ሰፍቶ ይሞላዋል፣ በጥር ይሸሻል፣ የበሩ የውጭ ልክ ግን አይለወጥም። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚስታት አንዲት ነገር አለች፦ ፓኔሉ ፍሬሙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተቀብቶ መድረቅ አለበት። በሩ ከተገጣጠመ በኋላ ከተቀባ ቫርኒሹ የሚያርፈው በሚታየው ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ በጋ መጥቶ ፓኔሉ ሲሸሽ ከቦዩ ውስጥ ያልተቀባ ነጭ መስመር ብቅ ይላል። ያ መስመር ሥራው በጥድፊያ እንደተገጣጠመ ለሚያውቅ ሰው ሁሉ ይናገራል።

ታዲያ ከበሩ ስልት በፊት የሚመጣው ማድረቅ ነው፤ የቤተሰብ ሥራ የመጀመሪያ ብልጫም እዚህ ነው። አየር ላይ ለሚደርቅ እንጨት በሙያው የቆየው ግምት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ነው፤ በሞቃትና ደረቅ ቦታ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ጣውላው ከመሬት ከፍ ተደርጎ፣ በመካከሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ጭረቶች እየገቡ፣ ከላይ ዝናብና ፀሐይ ተከልክሎ ይደረደራል። ሁለቱ ጫፎቹ በቀለም ወይም በሰም ይደፈናሉ፤ ውሃ ከጫፍ ከጎኑ በበለጠ ፍጥነት ስለሚወጣ፣ ያልተደፈነ ጫፍ ይሰነጠቃል። መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ የሌለው ሰው አንድ ቁራጭ ጣውላ ወስዶ በየሳምንቱ በሚዛን ላይ ቢያስቀምጥ ይበቃዋል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ካቢኔቱ በሚገጠምበት ቤት ውስጥ ጥቂት ሳምንት ቢቀመጥ ይመረጣል። ለደንበኛ የሚሠራ ድርጅት ይህን ሁሉ መጠበቅ አይችልም፤ ገንዘቡ በጣውላ ላይ ታስሮ ይቀመጣልና። ልጅ ለእናቱ ሲሠራ ግን ጣውላውን ዘንድሮ ገዝቶ በሚመጣው ዓመት መላግ ይችላል።

የትኛው እንጨት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ከአሠራሩ በታች የሚመጣ ቢሆንም ቀላል አይደለም። ዋንዛ በመላጊያ የሚታዘዝ፣ ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ ሲደርቅ ብዙ የማያስቸግር በመሆኑ ከከበሮ እስከ ቁም ሣጥን ሲሠራበት ኖሯል። ነገር ግን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሀበሻ ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 በስማቸው ጠቅሶ ከልክሎ ነበር፤ ቁጥራቸው እየመነመነ በመምጣቱ ነው። ስለዚህ ከገበሬ ማሳ መቆረጡ የታወቀ፣ ወይም ከፈረሰ ቤት የተገኘ አሮጌ ጣውላ ቢፈለግ ለደኑም ለሥራውም ይበጃል። የአሮጌ ቤት ጣውላ ለዘመናት ስለደረቀ ሚስማሩ ከተነቀለለት በኋላ የሚያስፈልገው መላግ ብቻ ነው። ባህር ዛፍ በርካሽ ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን እየተጣመመ ስለሚሰነጠቅ ለበር አይመከርም።

አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። እንጨት ይህን ያህል የሚያስቸግር ከሆነ ኤምዲኤፍ ለምን አይበቃም? ኤምዲኤፍ ዘለላ የለውምና በወርዱ እንደ ጣውላ አይንቀሳቀስም፣ ላዩ ለጥ ያለ ነው፣ ቀለም አሳምሮ ይይዛል። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ቀለም ለሚቀባ በር መሀል ፓኔል ኤምዲኤፍ ከጣውላ ይሻላል ቢባል አያስቆጣም። ችግሩ ግን ውሃ ነው። ጣውላ ረጥቦ ቢያብጥ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ኤምዲኤፍና ቺፕውድ በተቆረጠው ጠርዛቸው ውሃ ከጠጡ በውፍረታቸው ያብጣሉ፣ ያበጡትም ወደ ቀድሞው ልክ አይመለሱም። ከማጠቢያ ሥር ያለ የቺፕውድ ሣጥን ቧንቧው አንዴ ካፈሰሰ ታችኛው ጠርዙ ተፈርፍሮ ይቀራል። ቪትም በቺፕውድ ውስጥ አንዴ ከላላ መልሶ አይይዝም፤ በጣውላና በፕላይውድ ግን ቀዳዳው በእንጨት ተደፍኖ እንደገና ይበሳል። ስለዚህ ሚዛኑ ሁሉንም ከአንድ ነገር መሥራት አይደለም፦ ሣጥኑ ከፕላይውድ፣ ፍሬሙና በሩ ከደረቀ ጣውላ፣ ከማጠቢያው ሥር ያለው ወለል ደግሞ ጠርዙ ሁሉ የታሸገ ይሁን።

ሌላው ሰው የሚለው ቫርኒሽ ከተቀባ እርጥበት አይገባም የሚል ነው። ቫርኒሽ ውሃን ያዘገያል እንጂ አያግድም፤ እንፋሎት በጊዜ ብዛት ያልፈዋል። ዋና ጥቅሙ እንጨቱ በድንገት እንዳይለዋወጥ፣ ዘይትና በርበሬ እንዳይጠጣ ማድረጉ ነው። ለዚህ ነው የበሩ ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባውም እኩል መቀባት ያለበት፤ አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ ሌላው ወገን ፈጥኖ እየጠጣና እየደረቀ በሩን ያጎብጠዋል። ማለስለሱ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጀመርና በ120 እና በ180 አልፎ በ220 ያበቃል፤ ቁጥር መዝለል አይገባም፣ የ80ው ጭረት ከቫርኒሹ ሥር ሆኖ በመስኮት ብርሃን ይጋለጣልና። ምንጊዜም በእንጨቱ ዘለላ አቅጣጫ ይፈገፈጋል። ከመጨረሻው ፍግፈጋ በፊት ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ማስነካት የተኙትን ፀጉሮች ያስነሣቸዋል፤ ሲደርቅ በቀስታ ሲፈገፈጉ ድጋሚ አይነሡም። የመጀመሪያው ቅብ ቀጠን ተደርጎ እንጨቱ እንዲጠጣው ይደረጋል፤ ከዚያ በየቅቡ መካከል በስሱ እየተፈገፈገና አቧራው እየተጠረገ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደገማል። በዘይት መሥራት የመረጠ ሰው የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጨባብጦ ጥግ ላይ መጣል የለበትም፤ እየደረቀ ሙቀት ስለሚፈጥር ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ብልጫ አብሳዩን ማወቅ ነው። የዛሬው ተከታታይ ካቢኔት ያለው ወጥ ቤት መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባሉት የቪየና አርክቴክት በ1926 እ.ኤ.አ. ለፍራንክፈርት የመኖሪያ ቤቶች የነደፉት ጠባብ ወጥ ቤት ነው፤ ሥራው የአብሳይዋን እርምጃና እጅ በማጥናት የተሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓለም የተስፋፋው ልክ ግን አማካይ ሰውን ይዞ ቀረ፤ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነው የሥራ ገበታ ከፍታም ከዚያ የመጣ ልማድ ነው። ምቹ ከፍታ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ነው። ቁመታቸው 1.55 ሜትር የሆነ እናት ክርናቸው ወደ 97 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ የሚስማማቸው ከ82 እስከ 87 ነው። በ90 ሳንቲ ሜትር ላይ ሽንኩርት ሲከትፉ ትከሻቸው ይነሣል፤ ለዶሮ ወጥ የሚከተፈው ሽንኩርት ብዛት ሲታሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ምጣዱም የራሱን ቦታ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወርዱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ከተለመደው ገበታ ጥልቀት ጋር ተናንቆ ይቀመጣል፤ በላዩ ላይ የሚሰቀል ካቢኔት ካለ እንጀራው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱን የሚቀበለው እሱ ነው። ስለዚህ ከምጣዱ በላይ ግድግዳው ባዶ ይቅር፣ ምጣዱ የሚያርፍበት ገበታም ከሌላው ዝቅ ይበል፤ ሊጡን ማፍሰሱ ከላይ ወደ ታች የሚደረግ ሥራ ነውና። ዱቄት በቆርቆሮ የሚቀመጥ ከሆነ የቆርቆሮው ቁመት ይለካ፣ ትልቁ ድስት ይለካ፣ መሶቡም ይለካ። ፈርኒቸር ቤት ግድግዳውን ይለካል፤ መሶቡን ግን ካልተነገረው አይለካም።

የቤተሰብ ሥራ አያልቅም የሚለው ስጋት እውነት አለው። ውል የለም፣ ቀን የለም፣ መናገርም ያሳፍራል፤ ልጅ በማጠቢያው በኩል በር ሳይገጥም ዓመት ቢያልፍ እናት ዝም ይላሉ። መፍትሔው ዝምድናውን ትቶ እንደ ደንበኛ ማስተናገድ ነው፦ ልኩ በወረቀት ላይ ይሣል፣ እያንዳንዱ በር ወዴት እንደሚከፈት ይጻፍ፣ ሣጥኖቹ መጀመሪያ ይገጠሙና ወጥ ቤቱ ሥራ ይጀምር፤ በሮቹ ቫርኒሻቸው በደንብ ሲደርቅ ይከተሉ። ከዚያ አንድ ክረምት ይለፍ። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ስውር ማጠፊያ በሩን ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ላይ የሚያንቀሳቅሱ ቪቶች አሉት፤ በመስከረም ካቻቢቴ ይዞ መጥቶ እያንዳንዱን በር ሩብ ዙር ማስተካከል ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ለዚያ ተመልሶ የሚመጣው ደግሞ ቤተሰብ ነው።