ጋዝ ነው ወይስ ፈስ?

የዛሬው ቃላችን ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ፈ እና ስ። ፈስ። አትሳቁ! ከሳቃችሁም ሳቁና ንባባችሁን ቀጥሉ።

ቃሉ አዲስ አይደለም። «ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም» ስንል ማንም አያፍርም። የሚያሳፍረን ስለ ራሳችን ሆድ ስንናገር ነው።

ስም ያላወጣለት ሕዝብ ደግሞ አይገኝም። ኦሮሞው ዹፋ ይለዋል፤ ሶማሌው ዹሶ። ቋንቋዎቹ እህትማማች ስለሆኑ ሁለቱም በዹ ይጀምራሉ። ዐረብ ሁለት ስም አለው። ድምፅ የሌለውን ፉሳእ፣ ድምፅ ያለውን ዱራጥ ይላል። ፉሳእ ከእኛ ፈስ ጋር ሥሩ አንድ ነው። በዕብራይስጥ ነፊኻ ይባላል፤ መነሻው መንፋት ነው። እኛስ «ሆዴን ነፋኝ» እንል የለ! እንግሊዝ ፋርት፣ ጀርመን ፉርዝ ይላል።

ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይፈሳል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ ሲበላ ይብሳል። ሆድ ያልፈጨውን ምግብ በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ያብላሉታል። እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፤ ሲብላላ አየር ያወጣል።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው እንሂድ። ሐኪሙም እንደኛው ሰው ነውና ቃሉን ያፍረዋል። ስለዚህ «ጋዝ ይወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ጋዝ ስንል የለመድነው የኩራዙን ነው። ታዲያ በሽተኛው «ኧረ እኔ ጋዝ አልጠጣሁም!» ቢል ምን ይፈረድበታል? እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ የጠያቂው ነው።

ጥያቄው ግን የሕይወት ጥያቄ ነው። አንጀት ሲጠማዘዝ መንገዱ ይዘጋል። ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል፤ ያስመልሳል። ዓይነ ምድርም ፈስም አልወጣ ይላል። ይህ በሽታ በአገራችን ብዙ ሰው ይይዛል። የተጠማዘዘ አንጀት ደም ካጣ ይበሰብሳል፤ ሰውየውንም ይገድላል። ሆድ ማሳሸት ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠጣት ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም። ሌሊትም ቢሆን፣ በቃሬዛም ቢሆን፣ በሽተኛውን ቶሎ ሆስፒታል ማድረስ ነው። እዚያ ሆዱ ተከፍቶ ከተሠራ በኋላም ሐኪሙ «ፈስ ወጣ?» ይላል። ወጣ ከተባለ ደስ ይለዋል፤ አንጀቱ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

በተለይ እናቶች፣ በአማት በምራት ፊት ይህን መናገር እንደሚከብዳችሁ እናውቃለን። «በታች በኩል አየር አይወጣልኝም» ማለትም ይበቃል። አፍ እምቢ ካለ ደግሞ እጃችሁ አሁን መጻፍ ያውቃል። ወረቀቱን ለሐኪሙ መስጠት ነው።

ለመልመጃ ይህችን ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ሦስት ጊዜ ጻፏት፦

«ሆዴ ተነፍቷል፤ ፈስም ዓይነ ምድርም አልወጣልኝም።»